ከጠረጴዛው እስከ አልጋው

«እዚህ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው የሰማው» አለች አስጎብኚዋ፣ በሽተኛ የምታባብል ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ወንድሙ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ አልጋ ላይ ተኝቶ በማንኪያ ያንኳኳል። ባለቅኔው ይሰማል። ግን ስንኙ እንዳያመልጠው ፈርቶ ብዕሩን አላስቀመጠም። ጽፎ ጨርሶ ሲነሳ ወንድሙ በሕይወት የለም።» ከጎብኚዎቹ አንዷ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች መምህርት፣ ከንፈሯን መጠጠች። ባርኔጣውን በእጁ የያዘ ሽማግሌ «አይ የሰው ልጅ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከሁሉም ኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ የሆስፒታል ስልከኛ የሆነች ሴት የእናቷን ክንድ ደግፋ ቆማለች። እናትየዋ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ምርኩዛቸውን ተክለው ቀጥ ብለዋል። ተደጋፊዋ ልጅቱ ትመስላለች።

ይህን ታሪክ የማያውቅ የለም። ባለቅኔው ራሱ ነው የጻፈው፤ ልጆች ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ በቃላቸው ይወጡታል። «ሰማሁት፣ አልተነሳሁም» የምትለው ስንኝማ ከመጽሐፉ አምልጣ በየሰዉ አፍ ገብታለች። ሚስቱ ከጓዳ ስትጠራው ከሶፋው ንቅንቅ የማይል ባል ይላታል፤ ፋይል አምጣ የተባለ ሰነፍ ጸሐፊ ይላታል። ስልከኛዋን ባልደረቦቿ በግልባጩ ይቀልዱባታል። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ ስልክ ሁለቴ አስጩኻ አታውቅምና ነው። ምሳዋን እየጎረሰች ይሁን ጉንፋን አንቆ ይዟት፣ የመጀመሪያው ጥሪ ሳያልቅ «አቤት» ትላለች። «አንቺ እንኳን ባለቅኔ አይወጣሽም» ሲሏት አብራቸው ትስቃለች። ሰውየው የአባቷ ወንድም መሆኑን ለአንዳቸውም ነግራ አታውቅም። ከዚያ የባሰ ያልተናገረችውም ነገር አላት። አጎቷ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሙ ሲያንኳኳ አልሰማም፤ ቤት አልነበረም። የሰማችው እሷ ናት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች።

ቤቱ ታድሶ ለጎብኚ ከተከፈተ ስምንት ወር ሆኖታል። የሠፈሩ ሰው «የባልዎን ወንድም ቤት አላዩትም እንዴ?» ሲላቸው እናትየዋ «በዓይኔ ያየሁት ይበቃኛል» ብለው ኩም ያደርጉት ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የታጠበ ካልሲ እያጣመዱ ሳለ፣ ከየት መጣ ሳይባል፣ «እዚያ ቤት ውሰጂኝ» አሉ። ስልከኛዋ ደነገጠች። «ምን ልታደርጊ እማ?» «ከጠረጴዛው እስከ አልጋው ስንት እርምጃ እንደነበር ጠፋብኝ። ድሮ አውቀው ነበር። ሳልሞት ልቁጠረው።» «ቆጥረሽውስ ምን ይጠቅምሻል?» እናትየዋ አንዲት ጓደኛ የሌላት ካልሲ ገልብጠው ገላልጠው አዩና ወደ ጎን አኖሯት። «ቂምም ልክ አለው» አሉ። «ልኩን ሳላውቅ ይዤው አልሄድም።»

የቂሙ ነገር እንዲህ ነው። ባላቸው በሳንባ ሕመም ከኋለኛው ክፍል ተኝቶ ሳለ እሳቸው የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ሆነው ቀኑን ሙሉ ይውላሉ። ወንድሙ ቤት ውስጥ ስለሚጽፍ ጆሮውን እንዲሰጥ አደራ ተብሏል። አንድ ማምሻ ላይ እጃቸው በሳሙና ተልጦ ከሥራ ሲመለሱ ያ ወንድም በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። «ቤት ነበርኩ። ሲያንኳኳ ሰምቻለሁ። አልተነሳሁም» አላቸው። «ልጅቱ ጎረቤት ቤት ነበረች» ብሎ ሌላ ቃል አልጨመረም። በሳምንቱ ልጃቸውን ይዘው ወጡና አንድ ክፍል ተከራዩ፤ ከዚያ ወዲህ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ስሙን አልጠሩም። «ያ ሰው» ነው የሚሉት። ሦስት ጊዜ ደጃቸው መጥቶ ቆሞ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ አልከፈቱለትም። ግጥሙ ታትሞ ዝናው ሲናኝ ደግሞ «ወንድሙን ገድሎ በሬሳው ተሞገሰበት» አሉ። ይህን ሲሉ ልጅቱ አጠገባቸው ሆና የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። እርሳሷ ወረቀቱን በሳው እንጂ ከአፏ አንድ ነገር አልወጣም።

አንድ ጊዜ ለመናገር ደርሳ ነበር። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከወንዶች ክፍል፣ መስመር በራና «አቤት» አለች። «ድንቢጥ፣ አንቺ ነሽ?» አለ የደከመ ድምፅ። በዚያ ስም የሚጠራት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። «ምንም አትበይ» አላት፤ «ለእናትሽም እንዳትነግሪያት። ለጥላቻ አንድ ሰው ይበቃል፤ እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።» ቀጥሎም «በይ አሁን ወጥ ቤቱን አገናኚኝ፤ ሾርባው በረዶ ሆኖ ነው የመጣልኝ» አለ። አገናኘችው። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃው አርባ ስምንት ነው፤ በየቀኑ ነገ እወጣዋለሁ እያለች አልወጣችውም። በወሩ ሞተ። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣለት። እናትየዋ ያን ቀን አንሶላ ሲያሰጡ ዋሉ፤ እሷም ከሥራ አልቀረችም።

ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ገብተው እስኪደርሱ ድረስ እናትየዋ ስለ ታክሲው መቀመጫ መቀደድ፣ ስለ ድንች መወደድና ስለ አንዲት ጎረቤታቸው ሰው ሠራሽ ጥርስ ብቻ ነበር የሚያወሩት። ስልከኛዋ «እህ» እና «እውነትሽን ነው» ትላለች። በልቧ ግን አንድ ነገር ታወጣና ታወርዳለች፦ እማ ቆጥራ ስትጨርስ ወይ ይቅር ትለዋለች፣ ወይ ቂሟን አስራ ይዛው ትሞታለች። ይቅር ብትለው ያላጠፋውን ሰው ይቅር ማለቷ ነው። ካላለችው ደግሞ የከፋ። አንድ ቃል ከእኔ ካልወጣ በሁለቱም መንገድ ተሸውዳ ትሄዳለች። የእናቷን እጅ ብድግ አድርጋ ያዘችው። እናትየዋ «እጅሽ እንዴት ነው የቀዘቀዘው!» ብለው ወደ ድንቹ ተመለሱ።

አስጎብኚዋ ጎብኚዎቿን ወደ መጻሕፍቱ ክፍል ነድታ ስትሄድ እናትና ልጅ ከጠረጴዛው ጋር ቀሩ። ጠረጴዛው ዙሪያውን በቀይ ገመድ ታጥሯል። አረንጓዴ ላስቲክ ለብሷል፤ ላዩ ላይ ፋኖስ፣ የተከፈተ መነጽር፣ ሦስት የሲጋራ ቁራጭ ያለበት መተርኮሻ ተቀምጧል። ሰውየው ለአፍታ ወጣ ብሎ የሚመለስ እንዲመስል ነው አደራደሩ። እናትየዋ መተርኮሻውን አተኩረው አዩት። «ያ ሰው ሲጋራ አያጨስም ነበር» አሉ። «ጭሱ እንኳን አስም ያስነሳበታል። ሙታን ሱስ ይጀምራሉ እንዴ?» ስልከኛዋ ሳትወድ ፈገግ አለች። እናትየዋ ግን ምርኩዛቸውን ከገመዱ አጠገብ አስደግፈው የቀኝ እግራቸውን አስቀደሙና ልጃቸውን ሳይጠብቁ ቆጠራ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በሩ ላይ አራት። በጠባቧ መተላለፊያ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ስምንት ደረሱ። የኋለኛውን ክፍል ደፍ ሲረግጡ ዘጠኝ አሉ። አልጋው እግር ሥር ሲቆሙ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። «አስራ አንድ» አሉ። «አስራ አንድ እርምጃ ነው የከበደው።»

ክፍሏ ጠባብ ናት። በገመድ የታጠረ የብረት አልጋ፣ አዲስ ብርድ ልብስ፣ አንድ የእንጨት ወንበር፣ ከመስኮቱ ሥር ባለ መስታወት ሣጥን። አልጋው የድሮው አይደለም፤ የድሮው አንድ እግሩ አጭር ስለነበር ጡብ ይደገፍ ነበር። ወደ ግቢው የሚያወጣው ሌላ በር አሁን ተቀርቅሯል፤ ግን ከወገቡ በላይ መስታወት ገብቶለት ከውጭ ያለው የድንጋይ ደጃፍ ይታያል። ስልከኛዋ ወደዚያ ላለማየት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብ ጀመረች። አንድም ፊደል አልገባት አለ። እማ፣ አለች በልቧ። አፏንም ከፈተች። በዚህ መሐል አስጎብኚዋና ጎብኚዎቿ ግር ብለው ገቡ፤ ክፍሏም ሞላች።

«ይህ ሣጥን ነው እንግዲህ የብዙ ተመራማሪዎችን እንቅልፍ የነሳው» አለች አስጎብኚዋ መስታወቱን በጣቷ እያመለከተች። ከውስጡ ነጭ ጨርቅ ላይ አምስት ጠጠር ተደርድሯል፤ አራቱ ግራጫ፣ አንዱ ቀይ። «ባለቅኔው ሲሞት ኮቱ ኪስ ውስጥ የተገኙ ናቸው። በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ‹ወንድሜ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ከኪሴ አልወጡም› ብሎ ጽፏል፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። አምስቱ የግጥም መጻሕፍቱ ምሳሌ ናቸው የሚሉ አሉ። ቀዩ ሐዘን ነው፣ አራቱ ደግሞ የዓለም ማዕዘናት ናቸው የሚሉም አሉ።» ሽማግሌው «ረቂቅ ነው!» አለ። መምህርቷ ማስታወሻ ያዘች። ስልከኛዋ የአልጋውን ገመድ ጨበጠች። እነዚያን ጠጠሮች መዳፏ ያውቃቸዋል፤ የትኛው ከባድ፣ የትኛው አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ እንደሆነ ዓይኗን ጨፍና ትናገራለች። ቀና ስትል እናቷ መስታወቱ ላይ አጎንብሰው ትንፋሻቸው ጉም ሠርቶበት አየች።

«ቀዩ» አሉ እናትየዋ ቀስ ብለው፣ «የልብስ ማጠቢያው ወለል ነው።» አስጎብኚዋ በአክብሮት ጎንበስ ብላ «ምን አሉኝ እማማ?» አለች። «ምንም አላልኩም ልጄ።» አስጎብኚዋ «እንግዲህ ወደ ጠረጴዛው ክፍል ተመልሰን መዝገቡ ላይ አስተያየታችንን እንጽፋለን» ብላ ሰዎቿን አስከትላ ወጣች። እናትየዋ ሲርቁ ጠበቁ። ቀዩን ስባሪ ሸክላ ከሥራ ቦታቸው አምጥተው፣ ጠርዙ የልጃቸውን እጅ እንዳይቆርጥ ማጠቢያው ገንዳ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ የሞረዱት እሳቸው ናቸው። ልጅቱ ስትተኛም ከእጇ አትለየውም ነበር።

«ጠጠሮቼ ጠፉብኝ ብለሽኝ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«ያ ሰው ደግሞ ልጅቱ ጎረቤት ቤት ነበረች አለኝ።»

ከወዲያ ክፍል ወንበር ሲጎተት ተሰማ። እናትየዋ ፊታቸውን ወደ ተቀረቀረው በር አዞሩ፤ በመስታወቱ ውስጥ የድንጋዩን ደጃፍ ለረጅም ጊዜ አዩት። «እዚያ ነበር የምትጫወቺው» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። ቀጥለው የጠየቁት ሌላ ነው። «ከዚያስ ስንት ነው?»

መቁጠር አላስፈለጋትም። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ በእንቅልፏም በሥራዋም ስትረግጠው ኖራለች። «አራት» አለች። «አራት ነው እማ።»

«እሱስ?»

«ማተሚያ ቤት ሄዶ ነበር። ዝናብ ያዘውና ቆየ።»

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገረቻቸው። ቆማ፣ ሪፖርት የምታቀርብ ይመስል፣ ዓይኗን ብርድ ልብሱ ላይ ተክላ ነገረቻቸው። አጎቷ፣ ጋሼ፣ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ሲወጣ «ካንኳኳ ውሃውን ሰጥተሽው ቶሎ ውጪ፤ ለእናትሽ አንነግራትም» እንዳላት። ደጃፉ ላይ ከጣሪያው ሥር ቁጭ ብላ ቅልብልቦሽ እንደምትጫወት፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አምስቱንም ጠጠር በአይበሉባዋ ልትቀልብ እንደደረሰች። አባቷ ሲያንኳኳ «መጣሁ አባዬ!» እንዳለች። አንድ ጊዜ ወረወረች፤ ሁለቱ ወደቁ። ደግሞ አንኳኳ። «መጣሁ አልኩህ እኮ!» አለችና ወረወረች፤ አንዱ ወደቀ። ሦስተኛው መንኳኳት ቀጠን ያለ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። «ዝም ሲል ደስ አለኝ እማ» አለች ስልከኛዋ። «ከዚያ ወርውሬ አምስቱንም ቀለብኳቸው። ላሳየው ብዬ ገባሁ።» ጋሼ በዝናብ በስብሶ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ጠጠሮቹን ጨብጣ አገኛት። ገብቶ ወጣ። አጠገቧ ቁጭ አለና ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታ። ጠጠሮቹን ኪሱ ከተተና «አንቺ ጎረቤት ቤት ነበርሽ። እዚህ የነበርኩት እኔ ነኝ» አላት።

እናትየዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ መቼ እንደተቀመጡ ስልከኛዋ አላየችም። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። «ወደ አባትሽ ክፍል እንዳትገቢ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። «በሽታው እንዳይዝሽ ብዬ። ገብተሽ ባገኝሽ እገርፍሻለሁ ብዬሻለሁ። ፈርተሽ ነው።» ይህ ሰበብ የተዘረጋላት እጅ ነበር፤ ይዛው መውጣት ትችላለች። ስልከኛዋ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ እየተንጠባጠበ ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም እማ። አልፈራሁም። ጨዋታዬን ልጨርስ ብዬ ነው።»

እናትየዋ አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻል ነበር። «ሦስት ጊዜ መጥቷል» አሉ ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል። «ሦስተኛው ጊዜ ዝናብ ነበር። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁት። ውሃው ከአፍንጫው ይንጠባጠባል፤ ኮፍያ እንኳ የለውም። ትንሽ ይምታው አልኩና መልሼ ዘጋሁት። እራት ሠራሁ።» ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ፤ አስተያየታቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ምን እንደነበረ ግን ስልከኛዋ ማወቅ አልቻለችም። «እስቲ ለብቻዬ ተይኝ» አሏት።

ወጣች። መተላለፊያውን እንዴት እንዳለፈች አታውቅም። የጠረጴዛው ክፍል ገብታ ከቀይ ገመዱ አጠገብ፣ የእናቷ ምርኩዝ ከተደገፈበት ጎን ቆመች። ጎብኚዎቹ መዝገቡን ከበው ተራ ይጠብቃሉ። መምህርቷ «የአንድ ታላቅ ጥበበኛ ጸጸት» ብላ ጀምራ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ጠፍቶባት ብዕሯን ታኝካለች። ሽማግሌው አስጎብኚዋን ስለ ፋኖሱ ይጠይቃታል። ስልከኛዋ እናቷ ከዚህ በኋላ በስሟ ይጠሯት እንደሆነ፣ ማታ ቤት ገብተው እንደ ወትሮው በሩን ቀረቀርሽው ወይ ይሏት እንደሆነ ታስባለች። አርባ አምስት ዓመት ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ወርዷል፤ እንዳሰበችው ግን አልቀለላትም።

ያኔ ግድግዳው ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ በጣት አጥንት። መምህርቷ ብዕሯ አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ለጠፈ። አስጎብኚዋ ቀለሟ ጠፍቶ ግድግዳውን አየች፤ ይህ ከምትናገረው ውስጥ አልነበረበትም። ስልከኛዋ አልጠበቀችም። «መጣሁ እማ!» ብላ በሩን፣ መተላለፊያውን፣ ደፉን አለፈች፤ አስራ አንዱን እርምጃ በስድስት ጨርሳ የኋለኛው ክፍል ውስጥ ተገኘች።

እናትየዋ የአልጋውን ገመድ አልፈው ገብተው አዲሱ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጠዋል። ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈዋል፤ የተጨበጠው እጃቸው ከግንባራቸው አጠገብ ነው። ሳይዞሩ፣ «አንቺን አይደለም የጠራሁት» አሉ።

ስልከኛዋ ደፉ ላይ ቆመች። እናትየዋ ደግመው አንኳኩ፤ ከዚያም የባላቸውን ወንድም ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠሩት። ከወዲያ በኩል ማንም ትንፍሽ አላለም። ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው መጠበቃቸውን ቀጠሉ።